መርከቡ ቢገዝፍ የጎንደሯ አዘዞ ምን ተረፋት?

ሰሞኑን አንድ ባለሙያ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «ወደቦች ለግዙፍ መርከቦች እየተዘጋጁ ነው፤ ስለዚህ የዕቃ ዋጋ ይወርዳል» አሉ። ቡናዬ ትን አለኝ። «ስለዚህ» የምትለው ቃል እንዲህ ተበድላ አታውቅም።

ዝግጅቱ እውነት ነው፣ አልክድም። የባሕሩ ወለል ይቆፈራል፣ ክንዳቸው ረጅም ክሬኖች ይተከላሉ። ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች 400 ሜትር ይረዝማሉ፤ 24,000 ገደማ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሸከማሉ። ግን ጌታዬ፣ የጅቡቲው ዶራሌ ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈትም ጥልቀቱ 18 ሜትር ነበር። እንዲህ ያለው መርከብ ጢም ብሎ ቢሞላ ወደ ውሃው የሚገባው 16 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት ዋጋ የሚያወርድ ቢሆን እኮ ጎንደር ላይ ዘይት በነጻ ይታደል ነበር!

መርከብ ሲገዝፍ የሚረክሰው የባሕሩ ጉዞ ነው። ያንንም ቅናሽ መጀመሪያ ኪሱ የሚከተው የመርከቡ ባለቤት ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ግርግሩ ነው። ትንንሾቹ መርከቦች በየተራ ያራግፉት የነበረውን ግዙፉ ባንዴ ይዘረግፈዋል። 2,000 ኮንቴይነር አወረደ እንበል። አንድ ተሳቢ ባለ 20 ጫማውን ሁለት ቢጭን 1,000 ተሳቢ ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? ባቡሩ እንደሆነ አዲስ አበባ ዙሪያ ቀርቷል። ኮንቴይነሩ ግቢው ውስጥ ይደራረባል፤ የእርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ከሥር ነው። ዲመሬጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ለዘገየበት የሚከፈለው ቅጣት፣ ግን ይቆጥራል። ተሳቢ ሲገኝም በጋላፊ ገብቶ፣ በሚሌ ወልዲያ፣ የጋሸናን ብርድ ተሻግሮ፣ በደብረ ታቦር ወረታ ይወርዳል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው እንግዲህ። ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ባዶው ኮንቴይነር ይመለሳል። አየር ተጭኖ ጅቡቲ ድረስ! የዚህን ሁሉ ሒሳብ የሚከፍለው አራዳ ገበያ ዘይት የምትገዛው እናት ናት።

መተማ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ፖርት ሱዳን የሚወስደውን መንገድ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው የሱዳን ጦርነት አመሰው። ድሮ የጎንደር ነጋዴ በበቅሎ ምጽዋ ሲመላለስም ትርፉን የሚበላው ባሕሩ ሳይሆን በየኬላው የሚከፍለው ቀረጥ ነበር። በቅሎዋ ቀረች እንጂ ኬላው አለ።

ወደቡ አይስፋ አላልኩም፣ ይስፋ። ግን ለመኪና፣ ለመንገድ፣ ለደረቅ ወደብ መልስ የሌለው ሰው ስለ ባሕር ጥልቀት አይስበከን።

ጎረቤቴ ሴራሚክ ያስመጣሉ። ኮንቴይነራቸው ጅቡቲ ከገባ ሰንብቷል። «ጋሼ፣ ያመጣው መርከብ ትልቅ ነው ትንሽ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የማውቀው ሹፌሩ ስልክ እንደማያነሣ ነው።»