የተዋሰው ዘንዶ ልጆች

ሁለቱም የጅማ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አሜሪካ ይኖራሉ፤ የተጣሉት በአንድ ወንድ ዘንዶ ነው። እዚያው መጨረስ ስላቃታቸው ለቤተሰብ ደወሉና ሽምግልናው ጅማ ላይ ተቀመጠ። ዘንዶውን ያዋሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ቡና ነጋዴ ነው፤ የተዋሰው ልጅ አክስት ቦዬ አካባቢ የወተት ላሞች ያረባሉ። ሁለቱን ይዘን፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪምና እኔ በነጋዴው ቤት ተሰበሰብን። በእባብ ይሸማገላሉ ብሎ የሳቀብን ሰው አልጠፋም። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። አብሮ አደጎቹ ተኳርፈው አንዱ በሌላው ሠርግ ላይ ሳይገኝ ቀርቷል፤ እናቶቻቸውም በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

ነገሩን ለመረዳት ስለ እንስሳው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ በቆላ ወንዞች ዳር የምናውቀው፣ ፍየል የሚውጠው ዘንዶ አይደለም። ኳስ ዘንዶ ይሉታል፤ ሲደነግጥ ራሱን መሐል ደብቆ ይጠቀለላል። የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ መርዝ የለውም። አርቢዎች የሚሻሙት በቀለሙ ነው። ነጩ ዓይነት በሰው እጅ መራባት የጀመረው በ1992 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቢጫው፣ ቡራቡሬው፣ ዝንጉርጉሩ እየተዳቀለ የቀለሙ ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም። ተራው በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ብርቅዬው ግን በሺዎች ይሸጣል። ስለዚህ ሴቶች ዘንዶዎች ያሉት ሰው ውድ ወንድ ከሚገዛ ይዋሳል፤ ያዋሰውም ከሚፈለፈሉት ድርሻውን ይወስዳል።

የእኛ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንደኛው ደማቅ ቢጫ ወንድ አለው፤ ሌላኛው ተራ ቀለም ያላቸው ሁለት ሴቶች አሉት። በኅዳር ሰጠው፣ በመጋቢት መለሰለት። ስምምነቱ በቃል ነበር፤ «የሚፈለፈለውን እኩል እንካፈላለን» ከማለት ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። አንደኛዋ ሴት ስድስት እንቁላል ጣለች፤ ስድስቱም ተፈለፈሉ፤ ሦስት ሦስት ተካፈሉ፤ ተመሰጋገኑ። ሁለተኛዋ ምንም አልጣለችም። ወንዱ ወደ ባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግን፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ ያቺው ሁለተኛዋ ሴት ሌላ ወንድ ሳታይ አምስት እንቁላል ጣለች። ከአምስቱ ሦስቱ ደማቅ ቢጫ ሆነው ወጡ። የተዋሰው ልጅ አምስቱንም ሸጠ፤ ለጓደኛው አልነገረውም። ጓደኛው ፎቶግራፋቸውን አይቶ የራሱን ወንድ ቀለም አወቀው።

ነጋዴው ወንድሙን ወክሎ ቀድሞ ተናገረ። «ስምምነቱ የሚፈለፈለውን እኩል መካፈል ነው። የዚህ ዓመት ወይም የዚያ ዓመት የሚል ቃል የለበትም። ዘሩ የወንድሜ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ ከነዝምታው ሌላው ኪስ ገባ» አለ።

አክስቲቱ አልተዋጠላቸውም። «ስማኝ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ላም ሳረባ ፀጉሬ ሸብቷል። የጎረቤት ኮርማ ላሜን ቢያጠቃ ጥጃው የእኔ ነው። ለኮርማው ባለቤት ወይ ምስጋና ወይ ትንሽ ገንዘብ እሰጣለሁ እንጂ ጥጃ ቆርጬ አልሰጥም። ያረገዘችው የእኔ ላም፣ የምታጠባው የእኔ ላም፣ መኖ የገዛሁት እኔ! የወንድምህ እባብ አራት ወር ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ያችን ሴት አይጥ እየገዛ የቀለባት የእህቴ ልጅ ነው።»

«ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ለምን አካፈለ፣ እትዬ?»

«ተስማምቶ ነዋ! የተስማማው ለዚያ ጊዜ ነው።»

መምህሩ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነበር። «ኮርማውን ተዉት፤ ይህ ከርቢ ጋር ነው የሚቀራረበው» አሉ። «አንዱ ከብቱን ለሌላው ይሰጣል፤ ያኛው ያረባል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሰት ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ዋጋ ቆርጠዋል፤ ዋጋውም ልጅ ነው። ዋጋው ልጅ ከሆነ፣ ከዚያ ወንድ የተገኘ ልጅ ሁሉ ይታሰባል።» ሕጋችን አሜሪካ እንደማይሠራ ነጋዴው አስታወሳቸው። «ለዳኛ አይደለም የምንናገረው፣ ለሁለት የጅማ ልጆች ነው» ብለው መለሱለት። መልሱን ወደድኩት።

ከዚያ አክስቲቱ ሁላችንንም ያቆመ ጥያቄ ጠየቁ። «እንቁላሉ ሲጣል ወንዱ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነበር። ልጆቹ የእሱ ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አላችሁ?»

ይህ የሐኪሙ ድርሻ ነበር፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ወጣት ነው፤ ስለ ላምና በግ እንጂ ስለ ዘንዶ ተጠይቆ ባያውቅም ተዘጋጅቶ መጥቷል። ሴት እባብ የወንዱን ዘር በማህፀን ቱቦዋ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አቆይታ እንቁላሏን ልታስጸንስበት እንደምትችል አስረዳን። ላም ይህን አታደርግም፤ አክስቲቱ የተቸገሩትም በዚሁ ነው። «ያለ ወንድም የሚወልዱ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። ሐኪሙ አልካደም፤ ኳስ ዘንዶን ጨምሮ በዘንዶዎች ዘንድ ይህ ታይቷል። «ነገር ግን እትዬ፣ ያለ አባት የተወለደ የአባት ቀለም ከየት ያመጣል? እናቲቱ ተራ ናት። ያ ደማቅ ቢጫ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢመጣም በግማሽ ያህሉ ልጆች ላይ ይወጣል። ከአምስት ሦስቱ ቢጫ ሆነው ሲወጡ አባታቸው ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

አክስቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲህ የእህቴ ልጅ ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ። የራሳቸውን ወገን የሚጎዳውን ነጥብ ራሳቸው አነሱት። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ በሌላ ጆሮ ሰማሁት።

ነጋዴው ይህን ሲሰማ በረታ፤ ሁለተኛ ክሱንም አወጣ። ወንዱ በመጋቢት ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ቆዳው ላይም ጥቁር ነጥብ የሚመስል ደም መጣጭ ተባይ ነበረበት። ተባዩ በክፍሉ ላሉት ዘንዶዎች ሁሉ ተዛመተ፤ ሁለት ትንንሾች ሞቱ። «ይህንንም ይክፈል!»

ክሳቱን ሐኪሙ ወዲያው ከክሱ አወጣው። ወንድ ኳስ ዘንዶ በመራቢያ ወራት ለሳምንታት፣ ለወራትም ምግብ እምቢ ይላል፤ ከስቶ መመለሱ ብቻውን የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። ስለ ተባዩ ግን ነጋዴውን ጠየቀው፦ «ወንድምህ ዘንዶውን ሲቀበል ለብቻው አስቀመጠው?»

አላስቀመጠውም። በዚያው ቀን ወደ ቀድሞ መደርደሪያው፣ ከሌሎቹ መሐል መለሰው።

ክርክሩ እዚህ ላይ መልኩን ለወጠ። ነጋዴው «የገዛ እንስሳው ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ እንግዳ ሊያየው ነው?» አለ። አክስቲቱ ቀደሙን፦ «አዎ! እንደ እንግዳ!» የጎረቤት ኮርማ ካስገቡ በኋላ ላሞቻቸው ተራ በተራ ያስወረዱበትን ዓመት ተረኩልን። ከዚያ ወዲህ ኮርማ አይዋሱም፤ ላሟ የድራት ምልክት ስታሳይ አዳቃይ ይጠራሉ። «ከሰው በረት አድሮ የመጣ ከብት የራሴም ቢሆን ለብቻው ይታሰራል» አሉ። መምህሩ በራሳቸው ነቀነቁ።

ሐኪሙ በዚህ ላይ የጨመረው ለእኔ ከሁሉም የከበደ ነበር። ተባይ በዓይን ይታያል፤ ይታጠባል፤ ሳጥኑ ተጠርጎ ሲጸዳም ሊጠፋ ይችላል። የማይታየው ሌላ ነው። በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ተመራማሪዎች የኳስ ዘንዶን ሳንባ የሚያጠቃ ኒዶቫይረስ የሚባል ቫይረስ ለይተዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ዘንዶዎችን ነርቫቸውን ነክቶ ራሳቸውን ማቅናት እስኪሳናቸው የሚያደርሰው በሽታ ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑ ታውቋል። ለሁለቱም የሚያድን መድኃኒት የለም። ቫይረሱን የተሸከመ እንስሳ ደግሞ ለወራት ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ አርቢዎች ከሌላ ቤት የመጣን ዘንዶ፣ የራሳቸውም ቢሆን፣ ቢያንስ ሦስት ወር በሌላ ክፍል ያቆዩታል፤ ከአፉ ናሙና ወስደው ያስመረምራሉ፤ የሚነኩትም ሌሎቹን ጨርሰው በመጨረሻ ነው። ልጆቹ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላደረጉም፤ ሲሰጥም ሲመለስም። የገጠማቸው ተባይ ብቻ መሆኑ ዕድል ነው እንጂ ያዋሰው ልጅ ያሉትን ሁሉ አጥቶ ሊቀር ይችል ነበር።

«እሺ፣ ተባዩስ ከዚያኛው ቤት ለመምጣቱ ማስረጃ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። የለም። ተባዩ እንቁላሉን የሚጥለው ከእንስሳው አካል ውጭ፣ በሳጥን ጥግና ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ቀድሞ ከነጋዴው ወንድም ቤት ተነስቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ በመንገድም፣ በተገዛ የሳጥን ንጣፍም ሊመጣ ይችላል። ማንም ሲሰጥ አላየም፤ ማንም ሲቀበል አላየም፤ ፎቶግራፍ የለም፤ ሚዛን ላይ የወጣ ክብደት የለም።

ሁሉም ሐሳቡን ሰጥቶ ሲያበቃ ፍርዱን እንድናገር ዕድሉ ለእኔ ተሰጠኝ። የተናገርኩትን እዚህ እደግመዋለሁ፤ ዛሬም ያው ነው።

ከሁለተኛዋ ሴት የተገኙት አምስቱ ልጆች ዋጋቸው ይካፈላል። ሆኖም እኩል አይደለም። አክስቲቱ እንዳሉት እናቲቱን ዓመት የቀለበ፣ እንቁላሉን በ31 እና በ32 ዲግሪ መካከል አሙቆ ሁለት ወር የጠበቀ፣ የተፈለፈሉትንም አብልቶ ለሽያጭ ያደረሰ ሰው አለ፤ ወጪው መጀመሪያ ይነሳለት፤ የተረፈው ለሁለት ይከፈል። ነጋዴው «እኩል ብለው ነበር» አለኝ። ነበር፤ ነገር ግን እኩል ሲሉ በዚያው ወቅት የሚጣለውን እንጂ የሚቀጥለውን ዓመት አላሰቡም፤ ያልታሰበን ነገር በታሰበው ልክ መቁረጥ አይገባም። ያለ ድርሻ መቅረትም አይገባም፤ ምክንያቱም ያለዚያ ወንድ ሦስቱ ቢጫዎች አይኖሩም ነበር።

ለሞቱት ሁለት ትንንሾች የተዋሰው ልጅ አይክፈል። ያዋሰው ልጅ ክፍሉን በገዛ እጁ ለአደጋ አጋልጧል፤ የተባዩ መነሻም አልተረጋገጠም። ይህ ነጋዴውን አስከፍቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቢሆንም አልመለስኩም።

ዝምታውን ግን አቀልለው ዘንድ ማንም አይጠይቀኝ። የተዋሰው ልጅ እንቁላሉ የተጣለ ዕለት ቢደውል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ስምምነቱ አልፏል ብሎ ካመነ እንኳ፣ ያመነበትን ለጓደኛው መናገር ነበረበት። ቢጫዎቹን ሲያይ የማን ልጆች እንደሆኑ አውቋል፤ አውቆም ሸጧል። ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ በስልክ፣ በራሱ አፍ፣ በአክስቱ በኩል ሳይልክ። አክስቲቱ ይህን ተቀበሉ፤ «እኔው አስደውለዋለሁ» አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ፤ በዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን የተቃወመኝ የለም። ስንከራከር ስለ ተፈለፈሉት ዋጋ ብዙ ተነጋገርን፤ ስለ ወንዱ ዘንዶ የጠየቀ አልነበረም። ነጋዴው እንደነገረን በዚህ ኅዳር ወንድሙ ለሌላ ሰው ሊያውሰው ተስማምቷል። ይህ ይሰረዝ። እንስሳው ወደ ቀድሞ ክብደቱ ተመልሶ፣ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ በወረቀት እስኪታወቅ ድረስ ከቤቱ አይውጣ። ነጋዴው ስልኩን አንስቶ እዚያው ለወንድሙ ነገረው።