ይድረስ ለክቡር አቶ ቮልዩም

ጉዳዩ፦ በአውሮፕላን ካርጎ ያልጫንኩትን አየር በኪሎ ስለማስከፈልዎ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ኪሎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው፣ በአካል መጥቼ እንዳላነጋግርዎ አካል የለዎትም፣ ካለዎትም ሚዛን ላይ ሲወጣ ያየው የለም፣ ቢኖርዎትማ ሶንጎ አስቀምጬ የሲዳማ ሽማግሌዎች ፊት እንነጋገር ነበር።

ለማያውቅዎ ሰው ትንሽ ላስተዋውቅዎት። መቼም ውጭ አገር ላለ ዘመዱ አንዴ እንኳን ሽሮና በርበሬ በካርጎ የላከ ሰው ያውቅዎታል፣ ስምዎን ባያውቅ ደረሰኙ ላይ አይቶ ደንግጧል። ሥራዎ ቀላል ነው፣ የዕቃውን ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ አባዝተው ለ6000 ያካፍላሉ፣ የወጣው ቁጥር ሚዛኑ ካለው ከበለጠ በሱ ያስከፍላሉ፣ ሚዛኑ ከበለጠ ደሞ በሚዛኑ ያስከፍላሉ፣ በቃ፣ መሸነፍ የሌለበት ጨዋታ ነው የያዙት። አንድ ሜትር ኩብ ባዶ ሳጥን እርስዎ ዘንድ 167 ኪሎ ግድም ነው። እኛ ሰፈር ገበያ ላይ እኮ በቁና የምትሰፍር ሴትዮም የምትለካው በቮልዩም ነው፣ ግን እሷ ከሰፈረች በኋላ በእጇ አፈስ አርጋ ምርቃት ትጨምርልሃለች፣ እርስዎ ምርቃቱን ከኔ ነው የሚወስዱት።

ነገሩ የጀመረው ሞተር ሳይክሌን በአውሮፕላን ሚላን ልኬ ከዛ ስቴልቪዮ የሚባለውን የጣልያን ተራራ እነዳለሁ ብዬ ስነሳ ነው። በአንድ በኩል ብቻ 48 ጥምዝ መታጠፊያ አለው፣ ጫፉ 2757 ሜትር ነው፣ ከመላው ዓለም ባለሞተር ይሄድበታል። ይሄን ለግቢያችን እማማ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝና «ተራራ ከሆነ የናፈቀህ ሳነቴ አለልህ አይደል እንዴ አንተ ልጅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከሐዋሳ በሻሸመኔ በዶዶላ አድርገህ ጎባ ትገባለህ፣ ከዛ ሳነቴ ላይ መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል፣ ቀበሮም ታያለህ፣ ሳጥን የለ ቮልዩም የለ። ግን ልብ ካማረው ምን ታረገዋለህ። (ቪዛው ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ አልነካውም።)

አናጢ ጋ ሄድኩ። የሰፈራችን አናጢ ጎበዝ ነው፣ አልጋና ቁም ሳጥን ላይ የሚያህለው የለም፣ ችግሩ ቸር ነው። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ትንሽ ሰፋ ላድርገው፣ እንዳይጨናነቅ» አለ፣ እኔ ምን አለፋኝ፣ አዋቂው እሱ ነው። ሲጨርስ 230 በ100 በ130 የሆነ፣ ቤተሰብ ሊያድርበት የሚችል ነገር ሰርቶልኛል። ጭነቱን የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተር ጋ ደውዬ ልኩን ስነግረው ካልኩሌተር ሲጫን ይሰማኛል፣ ከዛ ዝም አለ፣ ከዛ «498 ኪሎ ተኩል» አለኝ። ሞተሬ እኮ 250 ሲሲ ነው፣ ከነነፍሱ 135 ኪሎ ነው፣ ከሳጥኑ ጋር ብትለው ብትለው 200 ቢሆን ነው። ቀሪው ወደ 300 ኪሎ አየር ነው። ክቡርነትዎ፣ እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም ግን በሐዋሳ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ አንድ ኪሎ ነው የሚመዝነው፣ ስለዚህ የዚያ ሳጥን አየር በሙሉ ተይዞ ሚዛን ላይ ቢወጣ ሦስት ኪሎ ግድም ነው፣ መቶ እጥፍ አድርገው ነው የሸጡልኝ፣ ያውም የራሴን ሰፈር አየር፣ ያውም በዶላር!

እንጨቱ ደሞ ሌላ ታሪክ አለው። ወደ ውጭ የሚሄድ የእንጨት ሳጥን ተባይ ይዞ እንዳይሄድ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሞቆ ማህተም ያለበት መሆን አለበት፣ አይኤስፒኤም 15 ይሉታል። አናጢዬን ስነግረው «ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» አለ። ማህተም ያለው እንጨት ተፈልጎ መጣ፣ ዋጋውን ተዉት፣ እሱ ኪሎ ስላልጨመረ ከእርስዎ ጋር አያጣላንም።

ከዛ ማሳነስ ተጀመረ። እዚህ ጋ ነው እርስዎ ሰውን እንዴት እንደሚለውጡ የገባኝ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሴንቲ ማሰብ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳጥን ስሌት ከቁመት ላይ አንድ ሴንቲ ማለት ወደ አራት ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ስፖኪዮዎች፣ ተደምረው ግማሽ ኪሎ የማይሞሉት፣ ከመሪው በላይ አስር ሴንቲ ስለወጡ ብቻ 38 ኪሎ ናቸው ማለት ነው። ወለቁ። መሪው ተፈቶ የነዳጅ ሰልባትዮው ላይ ተኛ። የፊት ጎማ ወጣ፣ ፓራፋንጎው ወጣ፣ ሞተሩ ሹካው ላይ ተንበርክኮ ንስሐ የገባ መሰለ። መካኒኩ እየፈታ «ይሄን ነገር እዛ ማን ነው የሚገጥምልህ?» ይለኛል፣ እኔ ነኛ፣ ካርጎ ቤት በር ላይ፣ በመፍቻ። አዲሱ ሳጥን 190 በ70 በ110 ሆነ፣ 244 ኪሎ። አናጢው እንዳኮረፈ ነው፣ «ሬሳ ሳጥን አሰራችሁኝ» ይላል።

አንድ ነገር ግን ላመስግንዎ፣ እርስዎ ቢያንስ ሞተሬን አይሰድቡትም። ወረቀቱ ግን ይሰድበዋል፣ ወይም ያሞግሰዋል፣ እስካሁን አልለየሁትም። ሞተሬ በአየር ጭነት ሕግ ዩኤን 3166 ነው፣ ክፍል 9 አደገኛ ዕቃ፣ ከድራይ አይስና ከሊቲየም ባትሪ ጋር አንድ ክፍል የሚማር። ሰው ጭኖ ታቦር ተራራን ሲወጣ የሚያስለው ሞተር! ባትሪው ተነቅሎ ጫፉ በፕላስተር ተጠቀለለ፣ ቤንዚኑ ደሞ የሚቻለውን ያህል ተንጠፍጥፎ ቢበዛ ከሰልባትዮው ሩብ እንዳይበልጥ ታዘዘ። እዚህ ከተማ ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ያውቃሉ? ማደያ ስትሰለፍ ትውላለህ፣ ካልሆነ በሃይላንድ ከጎን ትገዛለህ። ያንን ሁሉ ተሰልፌ የሞላሁትን በቱቦ ስቀዳ የጎረቤታችን ባጃጅ ነጂ ጀሪካን ይዞ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው አጠገቤ ቆሟል፣ ነዳጅ ሲፈስ ከሽታው የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሲሄድ የመረቀኝ ምርቃት እስካሁን ይሰማኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሳጥኑን ወፍጮ ቤት ወስደን የእህል ሚዛን ላይ አወጣነው፣ 186 ኪሎ። እርስዎ 244 ብለዋል። ስለዚህ 58 ኪሎ በኔ ስም ተከፍሎበት ባዶውን ሊበር ነው። ይሄ ወሬ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ አልጠይቅም፣ ብቻ በነጋታው እማማ «ቦታ አለ አሉ» ብለው ለሚላን ልጃቸው ሽሮ ይዘው መጡ፣ ቀጥሎ በርበሬ መጣ፣ ቡና መጣ፣ ኮሰረት፣ ድርቆሽ፣ አንዷማ በማዳበሪያ አጥብቃ ቆጮ ልካለች፣ ሞተሩ ሥር እንዲነጠፍ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ሂሳቡን ያውቀዋል «የተከፈለበት ነው እኮ» ይሉኛል። እውነት ነው የተከፈለበት ነው! ትራንዚተሩ ጋ ስደውል ሳቀብኝ። ቅቤና ቋንጣ እንደሆነ አውሮፓ ከውጭ ይዞ መግባት አይፈቅድም፣ የቀረውም ቢሆን አደገኛ ዕቃ ያለበት ሳጥን ውስጥ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ምንም ነገር አይገባም፣ ሄልሜትህንና የሞተር ልብስህን አስጽፈህ ክተት፣ ከዛ ውጭ አትቀልድ አለኝ። እሺ፣ ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ቦት ጫማ ገባ፣ አስር ኪሎ ይሁን። 48ቱስ? 48 ኪሎ አየር ከፍዬበታለሁ ግን ሽሮ ልተካበት አልችልም፣ የእማማን ፊት ደሞ በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።

ትራንዚተሩ ለእርስዎ ሊከራከርልዎት ሞክሯል፣ አልደብቅዎትም። አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከመክበዱ በፊት ይሞላል፣ ጥጥና ስፖንጅ የሚልክ ሰው የአውሮፕላኑን ሆድ ሞልቶ በሚዛን ብቻ ቢከፍል ሌላው በምን ይሄዳል፣ ከሰው መጫኛው ሥር ያለው ክፍል ደሞ ቁመቱ 160 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ቦታ ነው የሚሸጠው አለኝ። ገብቶኛል፣ ክፋት የለውም። ታዲያ የቦታ ኪራይ ነው ይበሉና እንግባባ፣ ኪሎ ብለው አይጥሩት፣ እኔ ኪሎ ሲባል ጀርባዬን ነው የሚያመኝ።

ከሐዋሳ ቦሌ 275 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ በራሱ ጎማ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው መንገድ፣ ግን አንደኛ ጎማው ተፈቷል፣ ሁለተኛ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ክረምት ሞተርን ካገደች ወዲህ ያለፈቃድ ገብተህ እንደልብህ አትነዳም፣ ስለዚህ አይሱዙ ላይ ተጫነ። የአይሱዙው ሹፌር ሳጥኑን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ዋጋ ጠራ። እሱም በቮልዩም መሆኑ ነው፣ ግን ተጨቃጨቅን፣ ቀነሰ፣ ሻይ አጠጣኝ። እርስዎን ማን ይጨቀጭቅዎታል?

ካርጎ ቤት ደረስን፣ ልጁ ሜትሩን ዘረጋ፣ 190፣ 110፣ ወርዱ ጋ ሲደርስ 74 አለ። እንዴት 74? 70 ነው! ለካ አናጢዬ አኩርፎም ቢሆን ቸርነቱ አልለቀቀውም፣ ለተሸካሚ ይመቻል ብሎ ጎኑ ላይ ሁለት እጀታ መትቶበታል፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ፣ ሁለት ሁለት ሴንቲ። የሚለካው ደሞ ወጣ ካለው ጫፍ ነው። 244 የነበረው 258 ሆነ፣ ለሁለት የእንጨት ቁራጭ 14 ኪሎ! መዶሻ ተውሼ እዛው ሰው ፊት ነቀልኳቸው፣ ልጁም ጨዋ ነው፣ ሜትሩን እንደያዘ ጠበቀኝና ደግሞ ለካ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንድ፣ ለ48 ኪሎው አየር ለብቻው ደረሰኝ ይቆረጥልኝና ለእማማ ላሳያቸው። ሁለት፣ በመልሱ ጉዞ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የጣልያን አየር ስለሆነ ዋጋው ላይ እንደገና እንነጋገር።

ከሰላምታ ጋር
ባለ 186 ኪሎው

ግልባጭ፦
ለእማማ፣ ሽሮውን እኔው በሻንጣዬ እወስደዋለሁ
ለአናጢዬ፣ እጀታዎችህ ትራንዚተሩ ቢሮ ናቸው