ሞክሼ

ማክሰኞ ዕለት ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ በፕላስቲክ የታሸገች፣ በፈረንጅ 1958 የታተመች፣ የተጫዋች ፎቶና ስም ያለባት የቤዝቦል ካርድ አለች። ጠርዟ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ቀለሟ አልለቀቀም። ስሙን አነበብኩ፤ ፍራንክ ቶማስ። ልጄ ሲመኘው የከረመው ፍራንክ ቶማስ! ያውም በ25 ዶላር፣ ከነመላኪያው። ሻጩ የሸጠውን አያውቅም ብዬ በሆዴ ሳቅኩበት።

ልጄ ካርዷን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አባዬ፣ ፍራንክ ቶማስ መቼ የተወለደ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በ1968።»

ሰውየው ሳይወለድ 10 ዓመት ቀድመው ካርድ አትመውለታል ማለት ነው። ልጄ የሚፈልገው ለቺካጎው ዋይት ሶክስ ሲጫወት የኖረውን፣ 521 ሆም ረን የመታውን፣ ማለትም ያን ያህል ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ያሻገረውን ነው። የእኔው የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ነው። ሞክሼው። እሱም ቢሆን 286 መትቷል፤ ቀላል ሰው አልነበረም። ግን ይህን ለ14 ዓመት ልጅ አስረዳ እስቲ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «ፍራንክ ቶማስ ፈለግህ፣ ፍራንክ ቶማስ ላክሁልህ።» ምን ይባላል? አፌን አስያዘኝ።

ሞክሼ ድሮም አይመቸኝም። ፊደላችን እንኳ ሞክሼ አለው፤ ግን ጨዋ ሞክሼ ነው። በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ሰ ብትጽፍ የሚቆጣህ የኔታ ብቻ ነው። 25 ዶላር የሚቀጣህ የለም።

የሰው ሞክሼ ግን ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እቁብ ነበረን። ሁለት ዳንኤል ነበርን። ሰብሳቢው እንዳይምታታበት ብሎ አንዱን ዳንኤል ረጅሙ፣ አንዱን ዳንኤል አጭሩ አለን። እኔ አጭር አይደለሁም። እሱ ነው ከልክ በላይ የረዘመው። ይሁን፣ ይህንንም ዋጥኩት። ከዚያ ረጅሙ ዕጣው በደረሰው ማግስት ሁለት ወር ሳይጥል ቀረ። ሰብሳቢው ማን ላይ ደወለ? እኔ ላይ! ቡና እየጠጣሁ፣ ስልኩ ስፒከር ላይ፣ ሦስት ሰው እየሰማ። «ዳኒ፣ አንተን እንኳ ሰው ብዬህ ነበር» አለኝ። ነገሩ ሲጣራ ይቅርታ አልጠየቀም። «አይ፣ ስማችሁ ነው ያምታታን» አለ። ስማችን! አጭሩ ብለህ የሰየምከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እንዳይምታታ አይደለም እንዴ ያሳጠርከኝ? ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። ረጅሙ ቨርጂኒያ ቤት ገዝቷል አሉ።

እንዲህ ዓይነት ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1962 ኒውዮርክ ሜትስ የሚባለው ቡድን 120 ጨዋታ ተሸንፏል። ያ ቡድን ሁለት ቦብ ሚለር ነበሩት። ሁለቱም ኳስ ወርዋሪ፤ አንዱ ግራኝ፣ አንዱ ቀኝ። ጭራሽ አንድ ክፍል ያሳድሯቸው ነበር። ቢያንስ ቦብ ሚለርን የፈለገ ሰው በሩን አይስትም። የእኔው ፍራንክ ቶማስም ያን ዓመት እዚያው ነበር። የት ይሄዳል?

አታሚው ራሱ ይስታል። በ1969 ካርድ አታሚው ቶፕስ ለተጫዋቹ አውሬልዮ ሮድሪጌዝ ካርድ አተመ። ፎቶው ላይ ያለው ግን ለቡድኑ ዱላ የሚያቀብለው ልጅ ነው! ልጁን እኔ ብሆን ኖሮ ካርዷን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የምዞረው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አያቴ ስለ መሬት ክርክር ስትናገረው ነበር የሰማሁት። ካርድም ወረቀት ነው። የሳልከው ሰው ሌላ ነው፣ የጻፍከው ስም ሌላ ነው ብትለው አይሰማህም፤ አንዴ ይዟል። ሞኙ ማን እንደሆነ ደግሞ ባለቤቴን ጠይቋት፤ ሳትጠየቅም ትናገራለች።

ወደ ካርዷ ልመለስ። መሳቢያ ውስጥ ናት። ልጄ አልወሰዳትም፣ እኔም አልጣልኳትም። ሌላ ካርድ ግን አግኝቻለሁ። ቦብ ጊብሰን። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልሱ ኳስ ወርዋሪ፣ በ1968 ዱላ ያዦችን ያስለቀሰው። አሁን ነቅቻለሁ፤ በ1980ዎቹ ለሚልዋኪ ብሩወርስ የወረወረ ሌላ ቦብ ጊብሰን እንዳለም አጣርቻለሁ። ጨረታው ሊዘጋ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው፤ የማልያው ጽሑፍ አይነበብም። ስሙ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

ልጄን ቀስቅሼ ልጠይቀው አሰብኩ። ነገ ትምህርት አለው፤ ይተኛ።