የአርባኛው ቀን ጀግኖች

ኢያሱ ፀሐይን በገባዖን ላይ ለማቆም ጸሎት አስፈልጎት ነበር። ለአሜሪካ ግዛቶች ህግ አውጪዎች ግን መሰላል ይበቃል። ስብሰባው እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል ከተባለ፣ የግድግዳውን ሰዓት ማስቆም ነው። ሰዓቱ ካልደረሰ እኩለ ሌሊት አልሆነማ! ህጉም ተከበረ፣ ስራውም ቀጠለ። እንዲህ ያለ ብልህ ይመስገን እንጂ ምን ይባላል?

ሙያው ሰማዕትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት ስለ ምርጫ ክልል አከላለል ሲጨቃጨቅ እኩለ ሌሊት ደረሰበት። እንደራሴ ዴንማርክ ግሩቨር ከተመልካቾች ሰገነት ላይ ተንጠልጥለው ሰዓቱን ለማስቆም ታገሉ። ሰዓቱ ወድቆ ተከሰከሰ። ሰማዕቱ እሱ ነው፤ እሳቸውማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ጆርጂያ ዛሬም አላሳፈረችንም። ህገ መንግሥቷ በዓመት 40 የስብሰባ ቀን ይፈቅዳል። ጥር ላይ ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጨዋነት የተሰጡ ናቸው። እንግዳ ይቀበላሉ፣ ለአሸናፊ ቡድንና ለጡረተኛ የምስጋና ውሳኔ ያነባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ያኔ ህግ ላይ መቸኮል ነውር ነው። ረቂቁ ሁሉ የአርባ ቀን ዕድሉን ይጠብቃል።

ከዚያ 40ኛው ቀን ይመጣና ጉድ ይፈላል። 180ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት አባላት በየጠረጴዛቸው የድምፅ መስጫ ቁልፍ አላቸው። ማሽኑ ይከፈታል፣ ጣት ይወርዳል፣ ማሽኑ ይዘጋል። ህግ ለማፅደቅ 91 ድምፅ ይበቃል። ቀጣይ! ቴክሳስ ውስጥማ ጎረቤቱ ወጣ ሲል ቁልፉን የሚጫንለት ወዳጅ አይጠፋም። ማህበራዊ ኑሮ ማለት ይሄ ነው።

ረቂቁ ምን ይላል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ገና አልገባውም። ጠዋት ስለ አንድ ነገር ሲያወራ የዋለ ረቂቅ፣ ማታ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሌላ ህግ ተሞልቶበት ይመጣል። ቁጥሩ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ እንደ ድሮ ወዳጅ ሰላም ይሉታል። አንብቦ መቃወም ማንም ይችላል። ሳያነቡ መደገፍ ግን እምነት ይጠይቃል።

በጀቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ጆርጂያ ውስጥ በየዓመቱ የግድ መፅደቅ ያለበት ህግ እሱ ብቻ ነው። ያን አንዱን እስከ መጨረሻው ማቆየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት! የእ.ኤ.አ. 2026 የበጀት ዓመት በጀት ከ37 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የመምህሩ ደመወዝ፣ የድሃው ህክምና፣ እስር ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙ ከየቤቱ ሦስት ሦስት ሰው ይመረጥና ይደራደራል። የቀሩት 230ዎቹ የድጋፉን አረንጓዴ ቁልፍ ይጫናሉ። ስድስት ሰው አይቶት የለም እንዴ? አገር ሙሉ ያንብበው?

ካሊፎርኒያ ግን ምቀኛ መራጭ አላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ህዝቡ ወጥቶ ወሰነ፦ በጀቱ እስከ ሰኔ 15 በእነሱ አቆጣጠር ካልፀደቀ እንደራሴው የዘገየበትን ቀን ደመወዝ ያጣል። ለዓመታት ሲዘገይ የኖረ በጀት ከዚያ ወዲህ ቀኑን አወቀ። ጥበብ እንዲህ ትሞታለች።

ጆርጂያ ይህ አልደረሰባትም፤ አይድረስባት። የመጨረሻው ረቂቅ ሲያልፍ ወረቀቱን ቀድደው ወደ ጣሪያ ይበትኑታል። ቆንጆ ልማድ ነው። ያላነበቡትን ወረቀት መቅደድ ደግሞ አያሳዝንም። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ አገረ ገዥው ያለፈውን ሁሉ አይቶ ለመፈረም ወይም ለመጣል ሌላ 40 ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ሌሊት ምን እንዳፀደቀ ማወቅ የፈለገ እንደራሴ ካለ፣ አገረ ገዥው ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ይችላል።