ፈጥነን የጫንናቸው እጆች

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ መሪዎቻችን ሲወድቁ መደንገጥን ለምደናል፤ ሲሾሙ ግን መፍራትን አልለመድንም። አንድ አገልጋይ በገንዘብ ወይም በትዕቢት ሲሰናከል ጥፋቱን በሙሉ በእርሱ ላይ አራግፈን ወደየቤታችን እንሄዳለን እንጂ፣ ሳይበስል ለኃላፊነት ያጨነው፣ ከተሾመም በኋላ ብቻውን የተውነው እኛ መሆናችንን አንናገርም። ስለዚህ ተግሣጼ የሚመርጠውን፣ የሚያደንቀውንና የሚከተለውን ምእመን የሚመለከት ነው፤ ራሴንም ከወቀሳው አላወጣም።

አንድን ወጣት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንዲሆን ለመምረጥ እጄን ያነሣሁበትን ቀን አልረሳውም። ወጣቱ ካመነ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ነገር ግን ሲናገር ጉባኤው ጸጥ ይላል፣ ሲጸልይ ሰው ያለቅሳል። በሽማግሌዎች ምርጫ ስሙ ሲጠራ በቤቱ እንዴት እንደሚኖር፣ ሲገሥጹት ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ሲገባ እንዴት እንደሚይዘው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገልግሎቱን ሊተው መወሰኑን ሰምቼ ቤቱ ብሄድ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ አሳየኝ። የገጾቹ ኅዳግ በእርሳስ በተጻፉ ጥያቄዎችና አጫጭር ጸሎቶች ተሞልቷል፤ በየማስታወሻውም ሥር ቀኑ ተጽፏል። የመጨረሻው ቀን የተሾመበት ወር ነበር። ከዚያ ወዲህ በገጾቹ መካከል የተቀመጡት ለስብከት የተዘጋጁ ቁራጭ ወረቀቶች ብቻ ናቸው። "ከዚያ በኋላ ለሰው እንጂ ለራሴ አንብቤ አላውቅም" አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እኔ የጠየቅሁት በሚቀጥለው እሑድ ስለ ምን እንደሚሰብክ ነበር፤ ነፍሱ እንዴት እንደ ሰነበተች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ይህ ስሕተት የዛሬ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ አዲስ ክርስቲያን እንዳይሆን ያዘዘው በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ሰግቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በሁለተኛው ቀኖናቸው፣ ከአሕዛብ ኑሮ ገና የመጡ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ተምረው እንደ ተጠመቁ ወዲያው ለቅስናና ለኤጲስ ቆጶስነት ይበቁ እንደ ነበር አይተው ልማዱን ከልክለዋል፤ ለትምህርት ጊዜ፣ ከጥምቀትም በኋላ ረዘም ያለ ፈተና ያስፈልጋል ብለዋልና። ጳውሎስ ለኤጲስ ቆጶስ የዘረዘረውን መመዘኛ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ደግሞ አብዛኛው ስለ ጠባይና ስለ ቤት አያያዝ መሆኑን ያያል፦ ልከኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የማይጨቃጨቅ፣ ገንዘብን የማይወድ፣ ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር። ከሙያ ጋር የሚያያዘው ለማስተማር የሚበቃ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ከዚህ በስተቀር ሌላውን አንመለከትም። እንዲያውም ይህንንም በቅጡ አንመረምርም፤ አንደበተ ርቱዕ ሁሉ አስተማሪ አይደለምና።

ከዚህ የከፋው ግን ከሹመቱ በኋላ የምናደርገው ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በተጻፈው መልእክት እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳን ለአገልግሎት ሥራ እንዲዘጋጁ ነው ተብሏል። እኛ ሥርዓቱን ገልብጠነዋል። የታመመ የሚጠይቅልን፣ ያዘነ የሚያጽናናልን፣ ቃሉን የሚያነብልን፣ ስለ ልጆቻችን የሚጸልይልን አንድ ሰው ቀጥረን፣ እኛ ተቀምጠን ስብከቱን እንመዝናለን። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ የምታደርገው መልካም አይደለም ያለው አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ ነው። የሕዝቡ ድካም ይቅርና የመሪው ድካም እንኳ አይታየንም። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በእምነት ቆይተን፣ ጎረቤታችንን ይቅር ለማለት እንኳ የመጋቢ ምክር ካላገኘን መወሰን የሚያቅተን፣ ለዕብራውያን እንደ ተጻፈው አስተማሪዎች ልንሆን በሚገባን ጊዜ ወተት የምንፈልግ ስለ ሆንን ነው። ያላደገ ጉባኤ ያደገ መሪ ሊመርጥ አይችልም፤ የሚመዝንበት ሚዛን የለውምና።

ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ሲሰናበታቸው በመጀመሪያ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ፣ ቀጥሎም ለመንጋው ሁሉ አላቸው። ይህን ቅደም ተከተል ለመሪዎቻችን የምንነፍጋቸው እኛ ነን። ለጸሎትና ለንባብ ፈቀቅ ሲሉ ጠፉ ብለን እናማለን፤ ጥያቄ ጠይቀናቸው "አላውቅም" ሲሉን ዋጋቸውን እንቀንሳለን፤ ድካማቸውን ለአንድ ወንድም ቢገልጡ በማግስቱ ወሬ እናደርገዋለን። እንዲህ ተከብቦ የሚኖር ሰው ፊቱን ማሳመርን ይማራል፤ ውስጡ ግን እየደረቀ ይሄዳል።

እንግዲህ እለምናችኋለሁ፤ በሚመጣው ምርጫ ስም ሲጠራ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት የሰውየውን ቤተ ሰብ፣ አብረውት የሚሠሩትን፣ ከእርሱም ጋር ተጣልተው የታረቁትን ጠይቁ። ያልጠየቃችሁት እንደ ሆነ ቀኑን አራዝሙ፤ ወንበሩ ለአንድ ዓመት ባዶ ቢቀመጥ የሚጎዳ ሰው የለም። አስቀድሞ የሾማችሁትም ካለ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ፣ ጉዳያችሁን ሳታነሡ፣ እንዴት እንደ ሰነበተ ጠይቁት።

የወደቁትንም አትርሱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የሰምርኔሱ ፖሊካርፕ ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በጻፈላቸው ደብዳቤ በመካከላቸው ቄስ ስለ ነበረው፣ ገንዘብን በመውደድ ስለ ተሰናከለው ስለ ቫሌንስ አንሥቶ ነበር። ስለ እርሱና ስለ ሚስቱ እጅግ እንዳዘነ ገልጦ፣ እንደ ጠላት እንዳይቈጥሯቸው፣ ይልቁንም እንደ ታመመና እንደ ሳተ የአካል ክፍል እንዲመልሷቸው ለመናቸው። ያ ወጣት ወንድሜም አገልግሎቱን ከተወ ወዲህ ከጉባኤው ደጁን የረገጠ ጥቂት ሰው ነው። እኔ በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄድሁ ከእርሱ ጋር የማርቆስን ወንጌል አነባለሁ፤ ባለፈው ሐሙስ እርሳሱን አንሥቶ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ፣ ከሥሩም ቀኑን አኖረበት።