«ማንን ጎዳ?» ይሉናል ደግሞ

ባለፈው እሁድ እዚህ አዳማ የእድራችን ስብሰባ ላይ የአንድ ሰውዬ ነገር ተነሳ። ባድመ ተዋግቻለሁ፣ ጥይቱ እስከ ዛሬ ወገቤ ውስጥ ነው እያለ ቤት ለቤት ብር ሲለቅም ከርሞ ውሸቱን እንደሆነ ተነቃበት። ዕድሜውን አስሉት እስቲ። ጦርነቱ ያለቀው በ1992 ነው፤ እሱ ደግሞ ቢበዛ 30 ቢሆነው ነው። በ4 ዓመቱ ነው እንግዲህ ምሽግ የሰበረው!

ሽማግሌዎቹ ይቅርታ አስጠይቀው ሸኙት። ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ጠበቃው ጎረቤታችን ተነስተው የተናገሩት ነው። «ውሸት ነውር እንጂ ወንጀል አይደለም። አሜሪካ እንኳ ባልተሸለሙት ሜዳይ መፎከርን ወንጀል ያደረገውን ሕግ ፍርድ ቤቱ ሽሮታል። ደግሞስ ማንን ጎዳ?»

አሜሪካን ባይጠሩ ይሻላቸው ነበር። እርግጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉን 6 ለ 3 ሽሮታል። ተከሳሹ ግን የካሊፎርኒያ የውሃ ቦርድ አባል ሆኖ ስብሰባ ላይ የአገሪቱን ትልቁን የጀግና ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ ጉራውን የነዛ ሰው ነው። ጠበቃችን የዘለሉት የሚቀጥለውን ዓመት ነው። በ2013 ኮንግረሱ ሕጉን አስተካክሎ መለሰው፤ ባልተሸለመው ሜዳይ እያታለለ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ሊያገኝ የፈለገ እስከ 1 ዓመት ይታሰራል። የእኛም ሰውዬ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ቢፎክር ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ብር ነው የለቀመው!

«የወንጀል ሕጉ የማታለል አንቀጽ አለ፣ 692 ይበቃል» ያሉም ነበሩ። አለ፣ አልካድኩም። 50 ብር የሰጠች እናት ጉልቷን ጥላ ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ ይታያችኋል? ብትሄድስ፣ በዚያ አንቀጽ ተበዳይዋ እሷ ናት። እኔ የምለው ተበዳይ ሌላ ነው።

ሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። በ1991 ጾረና ግንባር አንድ እግራቸውን ትተው የመጡ። ማንንም ሳንቲም ጠይቀው አያውቁም፤ ሱቁ ደጃፍ ክራንቻቸውን አስደግፈው ቁጭ ይላሉ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላቸዋል፣ ባጃጅ ነጂው ሂሳብ አይቀበላቸውም። በቃ፣ አገር የከፈላቸው ይህችን ናት። ያ አጭበርባሪ ሲመነዝር የከረመው እሷኑ ነው። ወሬው ከወጣ ወዲህ አንዱ ጎረምሳ መጥቶ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እርስዎንስ ባጃጅ ገጭቶዎት ነው አሉ?» ቀልዴን ነው ይላል። ሰው በጎደለ እግሩ ማስረጃ አምጣ ይባላል እንዴ? በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ወታደር መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ያኔ ሰዉ ካለችው ላይ የቆረሰላቸው ስላመናቸው ነው። ነገ በእውነት የቆሰለ ልጅ በራችንን ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? ይህን ጉዳት የሚቆጥር አንቀጽ የለንም፣ ስለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ ይውጣ፣ እስርም ይኑረው። የአእምሮ ሕመምተኛውን ይለፍልኝ፣ ከዚህ በላይ ግን አልደራደርም።

ጋሼ አሁን ሱቁ ደጃፍ አይቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ያን ሰውዬ ይቅርታ ያስጠየቁት ብር የሰጡትን ነው። እሳቸው ቤት የሄደ የለም።