ጥርስ ነክሶ መረጋጋት

ውስጣዊ ሰላም መፈለግ እንዳለብኝ የገባኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ መልእክት ነው። አለቃዬ ማምሻውን "ነገ አንድ ነገር አወራሃለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። በቃ። ሌላ ምንም የለም። ይህቺ "አንድ ነገር" ስትጀምር ትንሽ ነበረች። ሁለት ሰዓት ላይ ያለፈው ሳምንት ሪፖርት መስላኝ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነች። ሰባት ሰዓት ላይ ተባርሬ፣ ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ስወጣ ጥበቃው አንገቱን ሲደፋልኝ ታየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄን ማን እንደሚያሳድጋት ከራሴ ጋር ስብሰባ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታለች። እንዴት ያለ እንቅልፍ! ባሏ እየተባረረ ሰው እንዲህ ይተኛል?

ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ነበር የምልህ?" አለና አናቱን አከከ። ወደ መስኮቱ አየ። ወደ እኔ አየ። "ጠፋኝ። ሲመጣልኝ እነግርሃለሁ።"

ሲመጣለት!

የዚያኑ ቀን የማረጋጊያ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ድምጿ የሚያባብል ሴት "ትከሻዎን ይልቀቁ" ትላለች። ለቀቅኩ። "መንጋጋዎን ያላሉ" ትላለች። አላላሁ። ለካ መንጋጋዬን እንዲህ ግጥም አድርጌ የኖርኩት ለስንት ዓመት ኖሯል! የመጀመሪያው ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር።

ችግሩ አፑ ይቆጥራል። "17 ቀን ሳያቋርጡ ተረጋግተዋል!" ይለኛል። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ "ዛሬ ገና አልተረጋጉም!" ብሎ ይንጫጫል። ይባስ ብሎ ደረጃ ያወጣል። አንድ የቢሮ ባልደረባዬ 61 ቀን ላይ መድረሱን አየሁ። ይሄ ሰውዬ ፕሪንተር በቡጢ የሚመታ ሰው ነው እኮ! በመረጋጋት እሱ ይብለጠኝ? እልህ ያዘኝ። በቀን ሁለቴ መቀመጥ ጀመርኩ። ጥርሴን ነክሼ ተረጋጋሁ።

ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እናቷን ስትጠይቅ ሰማሁ።

"አባዬ ምን ሆኖ ነው?"

"ሰላም እየፈለገ ነው።"

"የት ጠፍቶበት?"

ዓይኔን ስጨፍን የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ድሪሉን ያነሳል። ሰውየው ግድግዳ መብሳት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። እስካሁን ምን እንደሰቀለበት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የአፑ ሴትዮ ደግሞ በዚያው ለስላሳ ድምጿ "በዙሪያዎ ያሉትን ድምፆች ሳይፈርዱ ያዳምጡ" አለችኝ። ሳልፈርድ አዳመጥኩ። ለአምስት ሰከንድ። ከዚያ ፈረድኩ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው የፈረድኩበት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰው ምክር ነው። "አትጨነቅ" ይሉሃል። እንዴ! ይሄ ሳይነገረኝ ቀርቶ ነው ለካ ስጨነቅ የከረምኩት! ዳንኤል ዌግነር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን "ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ" አላቸው። ደወሉ ይንጫረር ጀመር። ነጭ ድብ ትዝ ብሏቸው የማያውቁ ልጆች፣ አታስቡ ስለተባሉ ብቻ ድቡ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተጋድሞ ቀረ። የእኔ ድብ አለቃዬ ነው። ያ ደወል ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ ጎረቤቴን በድሪሉ በመክሰስ ፋንታ እሱ እኔን ይከስ ነበር።

ስለ ጭንቀት ማንበብም ጀመርኩ፤ ይህም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ሰውነታችን ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ኮርቲሶል የሚባል ሌላ ሆርሞን ይከተላል። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመደባደብ የተሠራ ዝግጅት ነው ይባላል። የድሮው ሰው ከአንበሳ ሲያመልጥ ጠቅሞታል፤ አልክድም። ግን ከአንበሳ ጋር ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ወይ አመለጥክ፣ ወይ ተበላህ። አንበሳ "ነገ አንድ ነገር አወራሃለሁ" ብሎ ማታ መልእክት አይልክም። በማግሥቱም "ጠፋኝ" አይልም።

ሃንስ ሰልየ የተባለው ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 አንዲት አጭር ጽሑፍ አሳተመ። አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በመርዝ እያስጨነቀ ውስጣቸውን ሲያይ፣ መከራው ይለያይ እንጂ የሚያገኘው ምልክት ተመሳሳይ ነበር። ከምልክቶቹ አንዱ የቆሰለ ጨጓራ ነው። ይህን ሳነብ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እኛ እኮ ያለ አንዲት አይጥ "ጨጓራዬን ላጠው" ስንል ኖረናል።

መቼም ሁሉንም አላጣጥልም። ትንፋሹ ይሠራል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ቀስ ብለህ ስትተነፍስ፣ አወጣጡን ደግሞ ስታስረዝመው፣ ከአንጎል እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ልብን "ቀስ በል" ይላታል። ሞክሬው ልቤ ሲሰክን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን የእኔ ነገር! "በደቂቃ ስድስት" ሲባል ሰዓት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰባት ሆነብኝ። ደነገጥኩ። ከድንጋጤው የተነሳ አሥራ ሁለት ገባሁ።

ስልኩን ጥሎ በረሃ መግባት ነው እንዳልል ደግሞ ኤቫግሪየስ አለ። ከ1600 ዓመታት በፊት በግብጽ በረሃ የኖረ መነኩሴ ነው። አለቃ የለው፣ ድሪል የለው፣ ስልክ የለው። ግን መነኮሳትን በቀትር የሚፈትን አንድ ጋኔን አለ ብሎ ጽፏል። ይህ ጋኔን ሲመጣ ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆናል። መነኩሴው አሁንም አሁንም ወደ መስኮቱ ያያል። ከበዓቱ ብቅ ብሎ ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደቀረው ፀሐይዋን ይለካል። አንድ ወንድም ይመጣ እንደሆን ዙሪያውን ይቃኛል። ሳነብ ራሴን አየሁት። እሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ልዩነታችን ይህችው ናት። መስኮቱም ቢሆን ዛሬ ኪስ ውስጥ ገብቷል እንጂ ያው ነው።

ባለፈው እሑድ ማታ እንደ ልማዴ ለመረጋጋት ስዘጋጅ ስልኬ ቻርጅ ጨረሰ። ሌላ ክፍል ሰካሁትና ተመለስኩ። ባለቤቴ ታጥቦ የደረቀ ልብስ ሶፋው ላይ ቆልላለች። "ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ካልሲ አገጣጥም" አለችኝ። ዝም ብዬ መቀመጥ ሥራዬ መሆኑን ላስረዳት አስቤ ተውኩት።

ማገጣጠም ያዝኩ። ጥቁሩን ከጥቁሩ። ግን ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ተረከዙ የሳሳ ነው። ብርሃን ላይ እያነሳሁ አስተያያለሁ። የልጄ ካልሲ ከመዳፌ አይበልጥም፤ ጣቱ ጋ ተቀዷል። እንዴት እንዲህ ቀደደችው? ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ድሪሉ ላይ ቤት ይጮሃል መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ቀና ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምነው?" አልኳት።

"አርባ ደቂቃ ሆነህ እኮ። እያንጎራጎርክ ነበር።"

እኔ? ልክድ አፌን ስከፍት ልጄ ስልኬን ይዛልኝ ሮጣ መጣች። ሁለት መልእክት ገብቶበታል። አንደኛው "ዛሬ ገና አልተረጋጉም!" ይላል። ሁለተኛው ከአለቃዬ ነው።

"ትዝ አለኝ! ነገ እነግርሃለሁ።"

በእጄ ላይ አንድ ግራጫ ካልሲ ቀርቶ ነበር። ጓደኛውን ሶፋው ሥር ገብቼ ፈለግኩት። አልጋ ሥርም አየሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፈለግኩት።